ስልክ የማይገባበት ክፍል

«ልጅዎ ማንን ይፈራ ነበር?»

መርማሪዋ ይህን ስትጠይቃቸው እናት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የንብረት ግብር ገማች የነበረው ልጃቸው በማዘጋጃ ቤቱ የሚስጥር ፋይል ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ወድቆበት ሞቶ ተገኝቷል።

ሰሞኑን ያጨቃጨቀው የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ነበር። ፋብሪካው የሰፈሩን ወጣቶች እቀጥራለሁ ብሎ ከሕንፃ ግብር ነፃ ተደርጓል፤ አንድም ሰው ግን አልቀጠረም። ሟች፣ የማሽኖቹ ዋጋ ሚስጥር ይሁን፣ የተተወለት ግብርና የገባው ቃል ግን የሕዝብ ነው ብሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፈው ተነሳ። የግብር ክፍሉ ኃላፊ ከለከለው። ኃላፊው የሟች እህት ባል ነው።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በዕለቱ መጥቶ ከሟች ጋር መጨቃጨቁን አልካደም። የፋይል ክፍሉ ዘበኛ ኃላፊው ያለወትሮው ቀደም ብሎ ለምሳ እንዳሰናበተው ተናገረ። ኃላፊው «ወንድሜ ነበር» ብሎ አለቀሰ፤ ለቅሶው የውሸት አልነበረም።

ከሟች ኪስ የወጣው ስልክ ሲሰጣቸው የእናት እጅ ባለበት ቀረ።

«ከኪሱ? እዚያ ሲገባ እኮ በር ላይ ያስረክባል። ካላነሳ ስለምጨነቅ ‹እማዬ፣ ስልኬን ላስረክብ ነው፤ ደግሞ ሰፈሩን እንዳታምሺው› ይለኛል። ያን ቀን አልደወለም።»

መርማሪዋ እናትንና የሟችን እህት ጨምሮ ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ጠራች። እያንዳንዱ ስልኩን በሩ ላይ ካለው ሳጥን እየጣለ ገባ። ኃላፊው ግን ስልኩን እንደያዘ ገባ፤ ዘበኛውም አልጠየቀው።

«ሟች በእግሩ አልገባም፤ ተሸክመው አስገብተውታል» አለች። «ዘበኛው ቢሆን መጀመሪያ ስልኩን ያወጣ ነበር፤ ሥራው ነው። ሥራ አስኪያጁ ቁልፍ የለውም። ቁልፉ ያለው ደንቡን ባወጣው ሰው እጅ ነው። እሱ ግን ስልኩን አስረክቦ ስለማያውቅ ትዝ አላለውም።»

ኃላፊው ኪሱን ዳበሰ።

«ፋብሪካው ከግብር ነፃ ይሁን ብዬ ሳላጣራ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አታዋርደኝ ብዬ ቢሮዬ ውስጥ ገፋሁት፤ ጭንቅላቱን የካዝናው ጠርዝ...»

ሚስቱ አላለቀሰችም።

«ትናንት እናቴን ደግፈህ ስታጽናናት ምን አልካት?»

እናት ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ቅድም ለጠየቅሽኝ፣ ልጄ ማንንም አይፈራም ነበር። የምፈራው እኔ ነበርኩ፤ ለሱም ለኔም።»

አማቻቸው በፖሊስ መኪና ሄደ። ሴት ልጃቸው ልጆቿን ይዛ እሳቸው ዘንድ ቀረች።