ያልተቆረጡ ገጾች

ዶክተር ሃልባህ ከመጽሐፍ መደርደሪያቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው የተገኙት በ1956 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሯል። ያገኘቻቸው ወጥ ሠሪያቸው ፈጠነች ነበረች፤ ጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። የከተማው ፖሊስ አሥር አለቃ ወጥ ቤት ሲገባ፣ ሙቀጫው ውስጥ በቆመው ዘነዘና ላይ ደምና ነጭ ፀጉር አየ። ወዲያው እሷኑ አሰራት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የሚፈሰው ግን የአራት ልጆች እናት ነፍስ ነበር። ከተፈረደባት ስቅላት ነው።

የመቶ አለቃ ኤርሳዶ ዓርብ ጠዋት ከበዴሳ ወደ ሶዶ ተጠርቶ ደረሰ። የወላይታ ልጅ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያያል። መጀመሪያ የሄደው እስር ቤት ነው።

«እትዬ ፈጠነች፣ ዘነዘናው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። እጁ ግን የኔ አይደለም።»

«የትናንቱን ንገሪኝ።»

«ዶክተሩ ምሳ በላ፣ ተኛ። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ይተኛል። እኔ ጎደሬ ላጥኩ። ቢላዋውን ሳላጥብ ገበያ ሄድኩ። ስመጣ ወድቋል።»

«እዚያ ቤት ሥራሽ ማብሰል ብቻ ነበር?»

«መዝፈንም። የአያቶቼን ዘፈን እኔ እዘፍናለሁ፣ መምህር ኤርካሎ ይጽፋል፣ ዶክተሩ ይሰማል። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው።»

ሟቹ በአገራቸው በጀርመን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጀርመንኛ ሲያስተምሩና በመካከለኛው ዘመን በባላባት አዳራሽ ይዜሙ የነበሩ ግጥሞችን ሲመረምሩ ኖረው፣ በጡረታ ሶዶ የገቡ ሰው ናቸው። ያ ግጥም ብራና ላይ ሳይሰፍር በፊት በሰው አፍ ብቻ እንዴት ኖረ? ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነስታቸው ነበር። መልሱን በወላይታ የጥንት ዘፈኖች ውስጥ ይፈልጉ ነበር።

ዶክተሩ የተከራዩት ቤት ባለቤት አቶ ቦልቴ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ነገር አልሸሸጉም።

«ጌታ ካወጣን ጨለማ የቀረ ዘፈን ነው። ቤቴ ውስጥ አይዘፈንም ብያቸዋለሁ። ውጡልኝም ብያለሁ። ሙቱ ግን አላልኩም።»

መምህር ኤርካሎ ኤርሳዶን ዓይኑ ቀልቶ ተቀበለው። ጀርመንኛ ከዶክተሩ የተማረ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው።

«ከማክሰኞ ወዲህ አልሄድኩም። ትናንት ቤቴ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ዶክተሩ አባቴ ነበሩ፤ ጥናታችን በመጽሔት ሲታተም ጀርመን አገር ሄጄ እንድማር ሊያደርጉ ነበር።»

«ታተመ እንዴ?»

«መጽሔቱ ገና አልደረሰም።»

ኤርሳዶ ፖስታ ቤት ጎራ አለ። ጸሐፊዋ ትርፌ መዝገቧን ገለጠች፤ ከጀርመን የመጣውን ጥቅል ዶክተሩ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ራሳቸው ፈርመው ወስደዋል። ከዚያ የሟቹ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋና እስኪመሽ ድረስ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ዋለ። አሥር አለቃው ሳቀበት። የማያነበውን መጽሐፍ!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ፈጠነች እጇ እንደታሰረ መጣች።

«ከፈረንጅ አገር የሚመጣ መጽሐፍ፣ ገጾቹ ጫፋቸው እንደተያያዘ ነው» ብሎ ጀመረ። «አንባቢው ራሱ እየቆረጠ ይከፍታል። ዶክተሩ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምላጭ በመሰለ ቁርጥ ከፍተውታል። የሚቆርጡባት ከአጥንት የተሠራች ቢላዋ ስንገንዛቸው ከደረት ኪሳቸው ወጣች። ይህን ደግሞ እዩት።»

ከጥቅሉ የወጣውን መጽሔት አነሣ። ከመሐሉ ስምንት ቅጠል ብቻ ተከፍቷል፤ ጠርዙ ተቦጫጭቋል፣ ቡናማ እድፍ ይዟል።

«ይህ የጎደሬ ፈሳሽ ሲደርቅ የሚተወው እድፍ ነው። እትዬ ገበያ ሳለች፣ ዶክተሩም ተኝተው ሳለ፣ አንድ ሰው ገባ። ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አየ። መታገሥ አቃተው። አጥንቷ ቢላዋ በተኛው ሰው ኪስ ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ከወጥ ቤት ያልታጠበውን ቢላዋ አመጣ። የፈለገው ስምንት ቅጠል ብቻ ነው። ጀርመንኛ ባላነብም ከላዩ የዶክተሩን ስም፣ በውስጡም በላቲን ፊደል የተጻፈ የእናቴን ቋንቋ አያለሁ። እትዬ ፊደል አልቆጠረችም። አቶ ቦልቴ ቢያገኙት ያቃጥሉት ነበር እንጂ መርጠው አይከፍቱትም።»

«አቃጥለው ነበር» አሉ አቶ ቦልቴ።

«ሶዶ ውስጥ ጀርመንኛ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞተዋል። ሌላው አንብቦ ሲጨርስ ቢላዋውን ሊመልስ ወጥ ቤት ገባ፤ ዘነዘናውን ይዞ ወጣ። መምህር፣ ‹ገና አልደረሰም› ያልከው መጽሔት ይኸው።»

ኤርካሎ መጽሔቱን አልተቀበለም።

«ሰባት ዓመት!» አለ። «እያንዳንዱን ስንኝ የጻፍኩት፣ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ስሜ የለም! በግርጌ ‹አንድ የአገሬው ረዳት› ብለውኛል። ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፣ ከጀርባዬ የያዝኩትን ሳያዩ ‹ወጉ እንዲህ ነው› አሉኝና ሌላ መጽሐፍ ሊያወርዱ ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ሰው ማዘን ነበረበት፤ ኤርሳዶም አዘነለት። ፈጠነች ግን ዓይኗን ከመጽሔቱ አልነቀለችም።

«እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አንቺ የዘፈንሽው ነው» አላት ኤርሳዶ።

«ኤርካሎ፣ ያንተ ደብተር ላይስ ስሜ አለ?»

ኤርሳዶ ከመደርደሪያው የሰባቱን ዓመት ደብተሮች አውርዶ ገለጠ። በየሽፋኑ ኤርካሎ ተብሎ በሚያምር እጅ ተጽፏል። በየዘፈኑ ራስ ላይ ደግሞ፦ «ከአንዲት ወጥ ሠሪ የተሰማ»።

አነበበላት። ፈጠነች የታሰሩ እጆቿን ወደ አሥር አለቃው ዘረጋች።

«ፍታኝ» አለችው። «ልጆቼ ከሐሙስ ጀምሮ አልበሉም።»