እጅ ይረፍ

የጠፋው አርባ ቀን ነው።

ፋርማሲስቷ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት የኦንላይን ጌም ቡድኗ የጋራ ማኅደር ባዶ ነበር። አርባ ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ልምምድ እየቀዱ ያጠራቀሙት ቅጂ፣ ማን የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ተጋጣሚ በየት በኩል እንደሚመጣ ያጠኑበት ሁሉ፣ አንድም አልቀረም። ለውድድሩ የቀራቸው ሦስት ቀን ነው። ያለ ቅጂው መግባት ሳያጠኑ ፈተና መቀመጥ ነው። ሌላ ውድድር ደግሞ የዛሬ ዓመት ነው።

አቤቱታዋን የተቀበለችው የፖሊስ ሳጅን ፋርማሲው ድረስ መጣች። የቡድኑ መሪ ፋርማሲስቷ ግን ድምፅ የላትም። ትናንት በመጨረሻው ልምምድ ላይ የጀመራት ሳል ጉሮሮዋን ዘግቶታል። ለሰው ሁሉ የሳል መድኃኒት እየሸጠች የራሷን ሳል ታቅፋ ትውላለች። መልሷን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች።

«መቼ ጠፋ?»

«የትናንቱን ልምምድ ካስገባሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ። ማኅደሩ ሰዓቱን መዝግቦታል።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«ስድስታችንም። ያባረርነውም ልጅ።»

«አባራችሁት ቃሉን አልቀየራችሁም? ሌላ ቦታ ያስቀመጣችሁት ቅጂስ?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ተዘጋጅተናል ነው የምትሉት!» አለች ሳጅኗ። ክፉ አይደለችም፤ አፏ ግን ቁጥብ አይደለም። «በር ከፍቶ ሌባ መጥራት ነው ይሄ።»

ስድስቱ በአካል ተያይተው አያውቁም። የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነው። አምስቱ ይጫወታሉ። ስድስተኛው ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ጋሼ ይሏቸዋል። ጣታቸው ለጨዋታው ስለማይፈጥን ሰዓት ያዥ አደረጓቸው። በየሃምሳ ደቂቃው «እጅ ይረፍ!» ይላሉ፤ አምስቱም አቁመው ጣታቸውን ያፍታታሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። ትናንት ግን የሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብለው ቀርተዋል።

የተባረረው ልጅ «እሳቱ» ይባላል። ጎሚስታ ነው። ሳጅኗ ስትደርስ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።

«ከቡድኑ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ተሳድቤ ነው ያባረሩኝ። ደግ አደረጉ።»

«የይለፍ ቃሉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ግን ሳጅን፣ የነሱን ሽንፈት ሰርቄ ምን ልሠራበት?»

«ትናንት የት አመሸህ?»

«ሆስፒታል። እናቴ አልጋ ይዛለች።» ድምፁ ወረደ። «ከኔ ሌላ ጠያቂ የላትም።»

ሳጅኗ ነርሷን ጠየቀች። እውነቱን ነው።

የጋሼ ቤት አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሰባት ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሁሉም እኩል ይቆጥራሉ።

«አልጋው ላይ አረፍ በይ ልጄ። ወንበሩ አንድ ነው።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«እነዚያን ልጆች? ማንንም። ይልቅ ያቺን መሪያቸውን አደራ ንገሪልኝ። ሳሏ ደረቅ ነው። ትኩስ ውሃ ትጠጣ፣ ንግግር አታብዛ።»

ሳጅኗ እየጻፈች ነበር። እጇ ቆመ።

«ስታስል የት ሰሙ?»

«ልምምድ ላይ ነዋ።»

«የጀመራት ትናንት ነው። እርስዎ ትናንት አልነበሩም።»

«እንግዲህ... ደውላልኝ ይሆናል።»

«በምን ድምፅዋ? ጋሼ፣ ያ ሳል ያለው ትናንት በተቀዳው ልምምድ ላይ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ልምምዱ ላይ ሳይኖር ሊሰማው የሚችለው የወሰደው ሰው ብቻ ነው።»

ጋሼ መሳቢያውን ከፍተው ትንሽ ዲስክ አወጡ።

«ለሌላ ቡድን ሊሸጡት ነበር?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን በወጣኝ!» ዲስኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ውድድሩ ሲያልቅ ቡድኑን እንበትናለን ብለው ወሰኑ። ሁሉም ኑሮ አለው፣ አልፈርድባቸውም። ያለ ቅጂው አይገቡም ብዬ ነው። ካልገቡ ለከርሞ እንደገና ይለማመዳሉ። ሲለማመዱ ደግሞ ሰዓት ያዥ ያስፈልጋቸዋል።»

«የሐኪሙ ቀጠሮስ?»

«ውሸት ነው። ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት የሚሰማው የነሱ ድምፅ ብቻ ነው። ጨዋታውን ውሰጂው። መጨረሻ ላይ የሚሳሳቁበትን ብቻ ብትተዪልኝ...»

ሳጅኗ እጇን ዘረጋች። ዲስኩን ሳታጎድል ወሰደች።

ፋርማሲስቷ ዲስኩን ተቀብላ ካርቶኑ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች። «አልከስም። ጋሼ ግን ወደ ቡድኑ አይመለሱ።» ሁለተኛውን ስትጽፍ እንባዋ መጣ።

በውድድሩ ቀን ሳጅኗ መዝገቡን ለመዝጋት የጋሼን ቃል ልትቀበል ሄደች። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ዓይናቸው ከግድግዳው አይነቀልም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀምረዋል» አሉ።

መጻፏን ቀጠለች። ለአሥር አሥር ጉዳይ ሲል ጋሼ ንግግራቸውን አቋርጠው ቀና አሉ።

«እጅ ይረፍ!»

ከዚያ የሚሰማቸው እንደሌለ ትዝ አላቸው መሰል፣ አንገታቸውን ደፉ።

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አፍታታች።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱና ውሃ ቀዱላት። ብርጭቆውም አንድ ነበር።