ባትሪ የሌለው ካሜራ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ሰፈራችን አፍንጮ በር ውስጥ «እዚያ ቤት ሰው ሳይኖር በር ይንኳኳል» ሲባል «አይጥ ነው፣ ድመት ግዙ» የምል፣ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አንድ ቀን ያስይዝሻል» እያለች ያሳደገችኝ። አፌ እስካሁን አላስያዘኝም፣ ያስያዘኝ ካሜራዬ ነው።

እንግዲህ ስለ ካሜራዋ ሳላወራላችሁ ወደ ሌላው መሄድ አልችልም፣ ታገሱኝ። ስንትና ስንት ዓመት ሰርግ የቀረጽኩት በኪራይ ካሜራ ነው፣ አንዱ ምስሉ ይደበዝዛል፣ አንዱ ሙሽራዋ ቀለበት ልታደርግ ስትል ይጠፋል። ፒያሳ ውስጥ ከድር የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ ካሜራ ይጠግናል፣ ያገለገለም ይሸጣል፣ የድሮ ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ እዚያው አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ከሰዓት ጠጋኝ ጋር ክፍል ተጋርቶ ነው የሚሠራው። አንድ ጠዋት ደወለና «ነይ፣ ቁርስሽን ትተሽ ነይ» አለኝ። ሄድኩ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ትከሻ ላይ የምትቀመጥ ትልቅ የባለሙያ ካሜራ፣ ያገለገለች ግን አንድ ጭረት የሌላት። ከፍቼ ወደ ከድር አዞርኳት፣ እመኑኝ የጢሙ ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ሽበቴን ተዪና ድምፁን ስሚ» አለኝ ከድር፣ እሱ ሲሸጥ ጉድለቱን አይደብቅም። «አንድ አመል አላት፣ ሁለተኛው የድምፅ መስመር፣ የደረት ማይክ የሚገባበት፣ ያጉረመርማል።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፣ እውነትም ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ የመሰለ ድምፅ አለ። ከድር ፈታታት፣ የተሰነጠቀች ብየዳ አገኘ፣ በየዳት፣ ቀንና ሰዓቷንም አብሮ አስተካከለ፣ ገጠማት። ጸጥ አለች። «አሁን ቀሽት ናት» አለ፣ እኔም እንደ ሕፃን አቅፌያት ወጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ይየኝ፣ ምን አገባኝ።

በእሷ የቀረጽኩት የመጀመሪያው ሰርግ የሳሮን ነው። ሳሮን ከሰርጉ በፊት ስቱዲዮዬ ድረስ መጥታ ነበር፣ አባቷ ጋሽ ገመቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረጉ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቶ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚናገሩት፣ የሚፈልጉትን በትንሽ ደብተር ላይ እየጻፉ ነው የሚግባቡት።

«አባቴ ራሴ ላይ እጁን ጭኖ ይመርቀኛል» አለችኝ፣ «ግን ተንበርክኬ ምን እንዳለ አልሰማውም። ያቺን ደረት ላይ የምትሰካውን ማይክ አድርጊለት፣ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ታሰሚኛለሽ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም፣ ይቺን ብቻ።»

«በኔ ይሁንብሽ» አልኳት። በኔ ይሁንብሽ ብዬ፣ በኔው ሆነ።

ሙያው ውስጥ ያላችሁ ይቺን ስህተት ታውቋታላችሁ። የመቅረጫው ቁልፍ አንድ ነው፣ ስትጫኑት ፊት ለፊቷ ላይ ቀይ መብራት ይበራና ትቀርጻለች፣ ስትደግሙት ታቆማለች። እኔ ማይኩን ጋሽ ገመቹ ኮት ላይ ስሰካ፣ እሳቸው በሹክሹክታ «ተባረኪ» ሲሉኝ፣ ሙሽሮቹ ሲንበረከኩ፣ በጥድፊያ ካሜራዋ ቀድማ እየቀረጸች መሆኑን ረሳሁት። ማስጀመሬ መስሎኝ ተጫንኩት፣ አቆምኳት። አዛውንቱ እጃቸውን ጭነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ እኔ እንባዬ የካሜራዋን መመልከቻ ጋርዶብኛል፣ መብራቱን ማን አየው። ሲጨርሱ ላቆም ብዬ ተጫንኩ፣ አስጀመርኳት።

ቤቴ ገብቼ ሳያት ምስሉ ላይ ያለው የገዛ ጫማዬና የአዳራሹ ምንጣፍ ነው። ጫማ፣ ምንጣፍ፣ ጫማ፣ የሰው ሳቅ። ምርቃቱ የለም። ባትሪዋን ነቅዬ ቻርጀር ላይ ሰካሁ፣ ካርዱን እንኳ ሳላወጣ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ቆለፍኩና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኳት።

ከማግስቱ ጀምሮ ሳሮን ትደውላለች። እኛ ቪዲዮ ሠሪዎች ደግሞ ከሰርግ በኋላ ስልክ አናነሳም፣ አትታዘቡን፣ ሙሽራ ሁሉ በሳምንቱ «አላለቀም እንዴ» ትላለችና ለምዶብናል። እኔ ግን ፍርሃትም ነበረኝ። እሑድ ደወለች፣ ሰኞ ደወለች፣ ረቡዕ ሁለቴ። አላነሳሁም። አርብ ማታ ጋሽ ገመቹ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ፣ ለቅሶም ሳልደርስ ቀረሁ፣ ምን ብዬ ፊቷ ልቁም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ መልእክት ላከችልኝ፣ «ነገ ጠዋት ስቱዲዮ እመጣለሁ።»

በዚያው ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ውጪ ዝናብ እየወረደ፣ መብራት ሄዶ እንደመጣ፣ ካሜራዋን አወረድኳት። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ፣ አንዳንዴ ተአምር ይሠራል። ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ። አዳራሹ አለ፣ ጫማዬና ምንጣፉ አለ፣ ከምንጣፉ ቀጥሎ ግን አንድ ተጨማሪ ፋይል ተቀምጧል። ከፈትኩት፣ ምስሉ ጥቁር። የሌንሷ ክዳን እንዳለ ቁልፏ ተነክቶ የቀረጸች መስሎኝ ላጠፋው ጣቴን ሳነሳ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ካሉት የድምፅ መስመሮች ላይ አረፈ፣ የመጀመሪያው መስመር ባዶ፣ ሁለተኛው ሙሉ። ማዳመጫዬን አደረግኩ።

መጀመሪያ ያ የዝንብ ድምፅ። ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ። ቀጥሎ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ በጣም ቀረብ ብሎ «አሁን በራች?» አለ። ትንሽ ቆየና ጀመረ።

«ልጄ ሳሮን፣ እግዚአብሔር ፊቱን ያብራልሽ። ቤትሽ ሰው የሚገባበት እንጂ የሚሸሸው አይሁን። ቁጣሽ ይጠር፣ ሳቅሽ ይርዘም። አንቺ ስትደክሚ እሱ ይበርታ፣ እሱ ሲደክም አንቺ በርቺ፣ ሁለታችሁን በአንድ ቀን አያድክማችሁ።»

ተረፍኩ ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ። እውነቴን ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ጨፈርኩ፣ ማዳመጫው ከነገመዱ ወደቀ። ምርቃቱ ተገኘ፣ የሳሮን ምርቃት ተገኘ። ደግሜ ልሰማው ስቀመጥ ነው ደስታዬ እዚያው ቀጥ ያለው። ጋሽ ገመቹ ድምፅ የላቸውም። ይሄ ድምፅ ግን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የኋላ ወንበር ድረስ የሚደርስ፣ ጥርት ያለ የአስተማሪ ድምፅ ነው። የፋይሉን ቀን አየሁ። ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ካሜራዋ ቁም ሳጥኔ ላይ ናት።

ለከድር ደወልኩ።

«ሰዓቷ ተዛብቶ ይሆናል» አልኩት፣ እንዲያምንልኝ እየለመንኩ።

«እኔ ነኝ የሞላኋት፣ የሰርጉ ፋይሎች ቀን ልክ አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው ልክ ናት። ባትሪዋን ቀይረሻል?»

«ባትሪዋማ ቻርጀር ላይ ናት፣ ከሰርጉ ማታ ጀምሮ አልነካኋትም።»

ከድር የማያውቀው ካሜራ የለም፣ ለሁሉ መልስ አለው። ይህን ጊዜ ግን «በይ ፋይሉን ገልብጪና ከዚያ ክፍል ውጪ» አለኝ።

ጠዋት ሳሮን ጥቁር ለብሳ መጣች። ምንም ሳልናገር ማዳመጫውን ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ፣ ሳቀችም፣ «ቁጣሽ ይጠር» የሚለው ጋ በደንብ ሳቀች። ስትጨርስ «ይሄን ድምፁን ከሰማሁት ሁለት ዓመቴ» አለችና እጄን ያዘችኝ። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቀመጥም፣ ዘከዘክኩት፣ ቁልፉን፣ ጫማውን፣ ምንጣፉን፣ ስልኳን አይቼ ዝም ማለቴን ሁሉ።

«በሰርጉ ቀን አለመቀረጹንማ አውቃለሁ» አለችኝ፣ «እኔም የመጣሁት እንዳትጨነቂ ልነግርሽ ነበር።» ከቦርሳዋ የአባቷን ደብተር አውጥታ ከፈተችልኝ። በሰርጉ ማታ የጻፉት ነው፣ የእጅ ጽሑፋቸው ይንቀጠቀጣል፦

«ቀይዋ መብራት አልበራችም። ልጅቷን እንዳትቆጪያት፣ እያለቀሰች ነበር። ትምጣና ደግሜ ልበልልሽ።»

«ስደውልልሽ የሰነበትኩት ለዚህ ነው» አለች ሳሮን፣ ወቀሳ በሌለው ድምፅ፣ ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ዛሬ ትመጣለች እያልኩ በየቀኑ አስጠበቅኩት። ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅሽ ነው ያረፈው።»

ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።