የሻለቃ ሞትና የነጭ ሽንኩርቱ ውሃ

ሻለቃ ሞተ! ያ ቀይ፣ ጅራቱ የሚያብረቀርቅ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያዝ አውራ ዶሮ፣ ጠዋት ለብቻው በሚያድርባት ቤት ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተገኘ። የሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ቁርሷን እንኳን ሳትጨርስ ተጠራች። ገና ስትገባ ደህና አደርሽ ያላት የለም፤ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል!

«ልጄ ናት የገደለችው!» አሉ የግቢው ባለቤት ሽማግሌው፣ በፋሻ የተጠቀለለ አውራ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «በዛ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ ውሃዋ! እስከ ምሳ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ መድኃኒቱም ይደፋል፣ አስራ አንዱም ዶሮዎቿ ይሸጣሉ። በቃ!»

«አባዬ፣ ሁሉም እኮ ትል ነበረባቸው!» ልጃቸው እንባዋ መጣ። ከጫጩት ጀምራ ነው ያሳደገቻቸው። «ዶሮዎቹም ያንኑ ውሃ ዘጠኝ ቀን ጠጥተው ይኸው እየጫሩ ነው!»

«ለሻለቃስ ውሃ የምታቀርቢለት አንቺ ነሽ?» አለች ዶክተሯ።

«እኔ እበጠብጣለሁ፣ የሚያቀርብለት አባዬ ነው። ሻለቃን ማን ያስነካል!»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ዶክተሯ ዞረችበት።

«አንተስ? ጩኸቱን አትወድም አሉ።»

«ብጠላውም አልገደልኩትም! ይኸው ጥጥ!» ጆሮውን አሳያት። «ደሞ እሱ ምን አለበት፤ ያሳበዱኝ ጋሼ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የሰው ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ሰፋሁት!»

«አጥር ስጠግን ነው!» አሉ ሽማግሌው በፍጥነት።

አጥሩ እንጨት ነው። ከላይ እስከ ታች እንጨት!

«ኡፍ!» አለች ዶክተሯ። «የጠየቅኩትን የሚመልስልኝ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ሻለቃን ቀድዳ አየችው። አንጀቱ ውስጥ ትል የለም ማለት ይቻላል፤ ጨጓራው ግን እንደተቃጠለ ቆስሏል። እንዴት? ውሃው አንድ፣ ሽንኩርቱ አንድ! ጓንቷን አውልቃ ወረወረችው፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ጠጠር ረገጠች። የምሳ ሰዓት ደግሞ ደረሰ! በንዴት ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ቁጢጥ ስትል ነው የሻለቃን መጠጫ ያየችው። የዶሮዎቹ ፕላስቲክ፣ የሱ ቆርቆሮ። ከውሃው መስመር በላይ ያብረቀርቃል፤ በታች ግን ነጥቷል፣ ሻክሯል፣ ተበልቷል።

ቆሻሻ መጣያውን ገለበጠችው። ለሁለት የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ሳህን ወጣ።

«ሁላችሁም ኑ!» ልብስ ሰፊውም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ትሉ ወጥቷል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሰርቷል» አለች። «ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፤ ስለዚህ መርዙ ሽንኩርቱ ውስጥ አልነበረም። ለሻለቃ የተለየው ዕቃው ብቻ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ ዚንክ ይቀባል። ኮምጣጤ ደሞ ዚንኩን ይበላና ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ሻለቃ ከቅዳሜ ጀምሮ ያንን ነው የጠጣው። ቅዳሜ ቆርቆሮ የቀጠቀጠ ማነው? ጣቱን መዶሻ የመታውስ?»

ሁሉም ፋሻውን አየ። ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሳህኗን ረግጬ ሰበርኩባት» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ እንዳትቆጣኝ ብዬ... ከዶሮ ቤቱ ክዳን የተረፈች ቆርቆሮ ነበረችኝ። ደሞ ሻለቃ እኮ ነው፤ እንደ ሌላው በፕላስቲክ ይጠጣ እንዴ አልኩ።»

ልብስ ሰፊው እንኳን አልሳቀም።

ሽማግሌው የቆርቆሮዋን መጠጫ አንስተው ውሃዋን ደፉ፤ እግራቸው ስር አጣጥፈው ረገጧት። ከዛ ዶሮዎቹን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽንኩርቱ... ስንት ራስ ነው የሚገባው?»

ልጃቸው አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሁለት፣ አባዬ። በፕላስቲክ!»