በጎን የታየ ፊት

ለወንበር ዕጣ ሲወጣ ለአክሊል የደረሰችው ግድግዳው ጥግ ያለችው ናት። ከዚያ ሆኖ ሲያይ፣ የትንሹ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ጥበቃና የዛሬው የመግቢያ ፈተና ሞዴል ጋሼ ፀሐዬ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ፂምና አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው።

«ከተቀመጣችሁበት የሚታያችሁን ሣሉ» አሉ ቲቸር ሙሉእመቤት።

አክሊል በሆዱ ሳቀ። የጎን ፊት ለእሱ ቀላል ነው። አባቱ አቶ ዓምሃ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ብሩሽ መያዝ የተማረውም ሽሮ ሜዳ ባለው ቤታቸው ከእሳቸው ሥር ተቀምጦ ነው። በዚያ ሥራ ሕጉ የታወቀ ነው። ጻድቃን በሙሉ ፊታቸው፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ። በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ቅዱሳኑን አባቱ ለማንም ስለማይሰጡ አክሊል ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራው ክፉዎቹን ብቻ ነው። በሰይጣን ረገድ እጁ ወርቅ ነው።

አባቱ ፈተናውን የፈቀዱለት ብዙ ተለምነው ነው። «ካለፍክ ትማራለህ። ከወደቅክ ግን መስከረም ላይ አብረኸኝ ክፍለ ሀገር ትወርዳለህ፤ የተቀበልኩት ሥራ አለ» ብለውታል። «ደግሞስ ከዚያ ወጥተህ ምን ልትሆን ነው?» አክሊል አኒሜሽን ይወዳል። እንጀራ ያበላው እንደሆነ ግን እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

ጠዋት ይህንኑ አንድ ልጅ ቲቸሯን ጠይቋቸው ነበር። «ማስታወቂያ ድርጅት የገቡ አሉ» አሉ። «አኒሜሽን የሚሠሩ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ያረጁ ሥዕሎችን የሚጠግኑ አሉ። ሥራ ፈልገው ያጡም አሉ፣ አልዋሻችሁም። የተሳካላቸው ግን ማየት የሚችሉት ናቸው።» አክሊል «ማየት ማንን ያቅተዋል» ብሎ አልፎት ነበር።

ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። በመጨረሻው እረፍት ጋሼ ፀሐዬ ወገባቸውን እያፍታቱ በየወንበሩ እየዞሩ ራሳቸውን ማየት ጀመሩ። አጠገቡ የተቀመጠችውን ሮሃን «አሳመርሽኝ» ብለዋት ሳቁ። አክሊል ጋ ሲደርሱ ግን ሳቃቸውን ተዉት።

ያን ጊዜ ነው አክሊልም ልብ ብሎ ያየው። አፍንጫው ተቆልምሟል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ከከንፈሩ ሥር ጥርስ ብቅ ብሏል። ጋሼ ፀሐዬ ሲሣሉ አፋቸውን እንኳ አልከፈቱም። ጠዋት መታወቂያውን ረስቶ ሲመጣ «ግባ፣ ፈተናው እንዳያልፍህ» ብለው በሩን የከፈቱለት ሰው ወረቀቱ ላይ ይሁዳን ሆነው ቁጭ ብለዋል። አክሊል በጣም አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለው።

«እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» አሉ ጋሼ ፀሐዬ ዝግ ብለው።

«አይደሉም ጋሼ። እ... ማለቴ፣ እጄ ለምዶት ነው።»

እሳቸው ፈቀቅ ሲሉ ሮሃ አንገቷን አስግጋ አየች። «ያምራል እኮ! መስመሩን እየው። በቃ ለቲቸሯ ስጥና ውጣ፣ ያሳልፍሃል።»

እውነቷን ነው። ከክፍሉ እንደዚያ ያለ ንጹሕ መስመር ያወጣ አልነበረም። የቀረው ጊዜ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እንደገና የጀመረ ሰው አይጨርስም።

ጋሼ ፀሐዬ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከመቀመጣቸው በፊት ወደ እሱ ጠጋ አሉና ቲቸሯ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ፊቴን ትንሽ ወዳንተ ላዙርልህ?» አሉት።

አክሊል የጨረሰውን ሥዕል ከሰሌዳው ላይ ነቀለ።

«አይዙሩ ጋሼ፣ እንዳሉ ይሁኑ። እኔ ነኝ ደኅና አድርጌ ያላየሁዎት።»

ባዶ ወረቀት ሰካ። እርሳሱን ግን ወዲያው አላነሳም፤ መጀመሪያ ያቺን አንድ ዓይን ቁጭ ብሎ አያት።