የወፎቹ ትልም

በዘምራ መንግሥት፣ ከሰባቱ ገደሎች ግርጌ፣ ድልጋ የምትባል አርባ አባወራ ያላት መንደር ነበረች። መሥራቾቿን ከረሃብ አውጥታ ወደዚያ ለም ምድር የመራቻቸው ዙማር ናት፤ ክንፏ ፀሐይን የሚጋርድ የወፎች ንግሥት። እነርሱም «ከየማሳችን የዳሯ ትልም ለልጆችሽ ትሁን» ብለው ማሉላት። እርሷም የነሐስ ማረሻ ሰጠቻቸው። በየዓመቱ የመጀመሪያዋ ትልም በዚያ ማረሻ ካልወጣች የድልጋ ምድር ለሌላ ማረሻ አይከፈትም ነበር።

ሠርጉ የተቃረበ አርሞን የሚባል ወጣት ግን፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ፣ የሠርጉ ድግስ እንዳያንስበት ሰግቶ የወፎቹን ትልም አጨደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው! በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዙማር ወርዳ ማረሻውን ነጥቃ ከገደሎቹ አናት ወዳለው ጎጆዋ ሄደች። የዘር ወቅት ደረሰ፣ ዝናቡም ዘነበ፤ መሬቱ ግን እንደ አለት ጠጥሮ አልታረስ አለ።

አርሞን በሽማግሌዎች ፊት ቆመ። «ትልሟን ያጨድኩ እኔ ነኝ! ማረሻውን ሳልመልስ ደጄን ብረግጥ፣ የዘራሁት አይብቀል!»

«መሐላውስ አምሮብሃል» አሉ አንጥረኛው አባ ጉልማ፣ መዶሻቸውን እያነሡ። «ገደል መውጣቱን ግን ማን ያሳይህ? በል ቅደም!»

ሦስት ቀን ወጡ። በሰባተኛው ገደል የጉም ዘንዶዎች ከበቧቸው። አባ ጉልማ አለቱን በመዶሻ ሲመቱት ዘንዶዎቹ ከድምፁ ሸሹ። «እኔ እመታለሁ፤ አንተ ውጣ!» አሉት። ክንዳቸው እስኪዝል መቱ።

ዙማር ከጎጆዋ ሆና አየችው። «ምን ይዘህ መጣህ?»

«እመቤቴ፣ የወሰድኩትን እህል ዐሥር እጥፍ እመልሳለሁ።»

«የጎደለብኝ እህል አይደለም፤ ቃል ነው።»

አርሞን የወንዝ ዳሯን ማሳ አሰበ። አባቱ ድንጋይዋን አንድ በአንድ ለቅሞ ያቀናት፣ ጎጆ ሊወጣባት ያሰባት፣ ያለችው እርሷ ብቻ ናት።  «ማሳዬን ከዳር እስከ ዳር ለልጆችሽ ሰጥቻለሁ፤ ለዘላለም» አለና አለቀሰ። ዙማር ማረሻውን እግሩ ሥር አኖረችለት።

ድልጋ በእልልታ ተቀበለቻቸው። አርሞን ግን እጮኛውን ሙላዬን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «መሬት የለኝም፤ ብትተዪኝ አልቀየምም» አላት።

«ወግድልኝ! ያጨኸኝ አንተ ነህ እንጂ ማሳህ ነው እንዴ?»

በማግስቱ በነሐሱ ማረሻ እርሻውን የጀመሩት አባ ጉልማ ነበሩ። ከወፎቹ ትልም ጎን ሌላ ትልም አወጡና «ይቺ የአርሞን ናት!» አሉ። ጎረቤታቸውም ተከተለ፤ ያም፣ ያኛውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? እስኪመሽ ድረስ የሁሉም ማሳ አንዳንድ ትልም ለአርሞን አወጣ።

መኸር ሲደርስ ባልና ሚስት ሆነው ከማሳ ማሳ እየዞሩ አጨዱ።

«ጉድ እኮ ነው» አለች ሙላዬ ነዶ እያሰረች፤ «መሬት የሌለው አገባሁ ስል፣ ማሳው አላልቅ አለኝ!»

አርሞን ሳቀ። ከጎኑ ባለችው በወፎቹ ትልም ላይ ግን ማጭዱን አላሳረፈም።