የሰልመና የውሃ ቃል

ግራጫው ሳል የተባለው ወረርሽኝ ከሰልመና በወጣ በሰባተኛው ቀን የታላቁ ኩሬ የድንጋይ መዝጊያ እንደ ሰው አላበው። ከተማው በሙሉ ወጥቶ አየው። ገሚሱ የምሕረት ምልክት ነው አለ፣ ገሚሱ የሌላ መቅሠፍት። እውነቱ ከሁለቱም የቀለለ ነበር፤ ከመዝጊያው ጀርባ ውሃው ሞልቶ ይገፋል፣ ከመዝጊያው ፊት ደግሞ ለሕዝቡ የቀረው የሃያ ቀን ውሃ ብቻ ነው።

ሸንጎው ከተማዋ የምታገግምበትን ዕቅድ በፍየል ቆዳ ላይ ጽፎ ጨርሷል። መጀመሪያ ወፍጮው፣ ቀጥሎ ገበያው፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል። ያማረ ዕቅድ ነበር። ችግሩ ሁሉም ውሃ መፈለጉ ነው፤ መዝጊያው ደግሞ ፊቱ ቆመው አንድ ቃል ካልተናገሩ አይከፈትም። ቃሉን አንድ ጠባቂ ብቻ ያውቀዋል፣ ከእሱም አንድ ወራሽ ብቻ ይሰማዋል። በአደባባይ የተናገረው ሰው ከሰልመና ለዘላለም ይባረራል። ሳሉ በመጀመሪያ ወራሹን ወሰደ፣ በሳምንቱ ጠባቂውን አዛውንት ሌሚርን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እንግዲህ የሰልመና ሰዎች ብቻ የሚችሉት ነው።

የሸንጎው አለቃ የኦርሳል ልጅ ናሪማ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ «ለምን?» እያለች አባቷን ያሰለቸች ወጣት ነበረች። በጋዝራ ተራራ ዋሻ ውስጥ ከሰማይ በታች የተነገረውን ሁሉ የሚሰማ፣ ሰሚው የሚባል ፍጡር እንዳለ ታውቃለች። ለጠየቀው ጥያቄ የዋሸውን እንደሚውጥም ታውቃለች።

«በሞቱብን ሁሉ ስም እምላለሁ» አለች በሸንጎው ፊት ቆማ። «ቃሉን ይዤ እመለሳለሁ፤ ካልያዝኩ አልመለስም።»

«እኔም አብሬያት እሄዳለሁ» አለ መቃብር ቆፋሪው ታምራን። «ሥራ የፈታሁት ገና በዚህ ሳምንት ነው። ደግሞ ከሞተች የሚቀብራት ሰው ያስፈልጋል።»

ስምንት ቀን ተጓዙ። በንፋስ ሸለቆ ክንፍ ያላቸው ተኩላዎች ከበቧቸው፤ ታምራን በአካፋው መክቶ አሳለፋት፣ የግራ እጁን ግን ተነከሰ። ከዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን እያሰረ፣ «ግቢ፤ እኔ ጉድጓዱን የት እንደምቆፍር ልይ» አላት። ፈርቶላት ነበር።

ሰሚው ዐይን የለውም፤ ጆሮዎቹ ግን ድንኳን ያህላሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ሌሚር ሲሞት የት ነበርሽ?»

የናሪማ ፊት ዐመድ መሰለ። ይህን ለአባቷም ነግራው አታውቅም።

«ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ። ጎረቤታችን ነው። ወራሹ ከሞተ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳውን እየደበደበ ‹ስሚኝ ልጄ› ይለኝ ነበር። እኔ ሕግ ነው ብዬ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ።»

ሰሚው ጆሮዎቹን ወደ እሷ አዘነበለ።

«እውነት ተናገርሽ። አሁን የማይገባኝን ነገር ንገሪኝ፤ ሁላችሁም የምትጠጡትን ውሃ ለምን በአንድ ሰው አፍ ትዘጉታላችሁ?»

«አላውቅም» አለች። «ስንቱን ስጠይቅ ኖሬ ይህን ጠይቄ አላውቅም።» ማፈሯ ከድምፅዋ ይሰማ ነበር። ሰሚውም ቃሉን ነገራት።

ሰልመና ሲደርሱ የቀረው ውሃ የአራት ቀን ብቻ ነበር። ሕዝቡ በኩሬው ፊት ተሰበሰበ። ኦርሳል በኩራት ዕንባው እየመጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቃል ጠባቂያችን አንቺ ነሽ፤ ወራሽሽን ትመርጫለሽ» ብሎ አወጀ። ከዚያ ሁሉም ቃሉን እንዳይሰማ እንደ ልማዱ ጆሮውን በእጁ ደፈነ።

ናሪማ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ከፊቷ የቆመችውን ሴት እጆች ራሷ ከጆሮዋ ላይ አወረደች።

«ስሙኝ» አለች። «ቃሉ ሹማር ኤላን ነው። ሹማር ኤላን። ለልጆቻችሁ አስተምሩ።»

መዝጊያው ተከፈተ። ሰው ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባ፤ የሚስቀውና የሚያለቅሰው አይለይም ነበር።

ሸንጎው በዚያው ቀን በዕቅዱ አናት ላይ አዲስ ሕግ ጻፈ፤ የመዝጊያውን ቃል እያንዳንዱ ቤት ይወቅ የሚል። ሕጉ የሚጸናው ግን ከማግስቱ ነው፤ ናሪማ የተናገረችው ደግሞ ዛሬ። ሕዝቡ ምሕረት ለመነ። እሷ ግን፣ «ለአለቃው ልጅ ተብሎ የድሮው ከታጠፈ አዲሱን ማን ያከብረዋል?» አለች። ፍርዱን ያነበበው አባቷ ነው፤ ሁለት ጊዜ አቋርጦ ነው የጨረሰው።

እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኛት።

«ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት። «እስክሞት ድረስ እጠብቀው ነበር። አንቺም አትሄጂብኝም ነበር።»

«አባዬ» አለችው፣ «ከሞትክ በኋላስ?»

ኦርሳል ጎንበስ ብሎ ቅሏን ከቦዩ ውሃ ሞላላት፤ ተቀብላው ሄደች።